ምንጩን የዘጋችው ሐኪም

ዶክተር ሰገን ሃብተሥላሴ አርባ ዓመት ሙሉ ቀዶ ሐኪም ሆና ሠርታለች። ከወልድያ ልጆች መካከል ሕክምና ትምህርት ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ምላጭ ልትይዝ ስትነሣ መምህሮቿ «ለሴት ልጅ ማዋለዱ ይሻላል» ብለው መከሯት፤ አልሰማቻቸውም። ደሴ ላይ ሠራች፣ አዲስ አበባ ላይ ሠራች፣ ወጣት ሐኪሞች ከፊቷ ሲቆሙ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ መክተት ይፈሩ ነበር። የኅብረተሰብ ጤና የተማሩትን ባልደረቦቿን ግን «የሽንት ቤት ሐኪሞች» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። ፍሰሃ የሚባለው የክፍል ጓደኛዋ በዚህ ቀልድ ተቀይሞ ሁለት ዓመት ሳያናግራት ቀርቷል።

ጡረታ ስትወጣ መርሳ ገባች። ባሏ አያሌው ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ውስጥ ሲሠራ የተከለው የማንጎ ጓሮ እዚያ ነበር። አያሌው ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። እሷ ማንጎዋን እየጠበቀች፣ ጎረቤት ሲታመም እያየች፣ ሬዲዮ እየሰማች ኖረች። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ጦርነቱ መጣ።

በ2013 ነሐሴ ከሰሜን የመጡት ታጣቂዎች ወልድያን ይዘው ወደ መርሳ ሲወርዱ፣ እግርና መኪና ያለው ሁሉ ወደ ደሴ ሸሸ። ጎረቤቶቿ ንብረታቸውን እየጫኑ «እትዬ ሰገን፣ ይነሡ እንጂ» አሏት። «ይሄ ቤቴ ነው፤ የሚመጣው ሰው ይነሣ» አለችና ተመልሳ ገባች። አባቷ አቶ ሃብተሥላሴ ከማይጨው መጥተው ወልድያ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ከሚሸሹት ጥቂቶቹ፣ ያልተነሣችው ለዚህ ይሆናል ብለው ተንሾካሾኩ። ሰምታለች።

መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ግድግዳው ብቻ ቀረ። የከተማው ውኃ ሞተር ቆመ።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ጠዋት ረዲ የሚባለው ባለባጃጅ ባጃጁን በእጁ እየገፋ ከግቢዋ በር ደረሰ። ቤንዚን ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። ከኋላ ሚስቱ በነጠላ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው ዶክተር» አለ ረዲ ላቡን እየጠረገ። «ላይም ታችም ነው። አሁንማ የሚወጣት ውኃ ብቻ ነው።»

ሰገን የሴትዮዋን ክንድ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ከሥሯ የሚፈሰው የሩዝ ቅቅል ውኃ ይመስላል። ሰገን ይህን በሽታ በመጽሐፍና በተማሪነቷ ዘመን በአንድ ዋርድ ውስጥ ብቻ ነው ያየችው፤ ግን ወዲያው አወቀችው፤ ኮሌራ ነው። ቤት የነበራትን ሁለት ግሉኮስ ሰካችላት። ሁለት አይበቃም ነበር፤ ስምንት ያስፈልግ ነበር። ሴትዮዋ ከቀትር በፊት ሞተች። ረዲ ባጃጁን እንደገና ገፍቶ አስከሬኗን ይዞ ሄደ።

በዚያው ቀን አምስት ሰዎች መጡ። በማግሥቱ አሥራ አንድ። የማንጎው ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ አስተኛቻቸው። ስኳርና ጨው በፈላ ውኃ እየበጠበጠች በማንኪያ አጠጣቻቸው፤ ገሚሱ ዳነ፣ ገሚሱ ሞተ። በዚህ መሐል ዘነበች መጣች። ዘነበች የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ ከባልደረቦቿ ያልሸሸች እሷ ብቻ ነበረች። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች።

«የሁሉንም ቤት አውቀዋለሁ» አለች የተኙትን እያየች። «ይቺ ከመስጊዱ ጀርባ ናት። እሳቸው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ያቺኛዋም እዚያው።»

«ውኃ ከየት ነው የሚቀዱት?»

ዘነበች ትንሽ አሰበች። «ሞተሩ ከቆመ ወዲህ ሁሉም ከሾላ ውኃ ነው።»

ሰገን እጇን ታጥባ ተነሣች። ሾላ ውኃ ከትምህርት ቤቱ ሥር፣ ከትልቅ ሾላ ግርጌ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ታጣቂዎቹ የሰፈሩት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ዳገቱን ወጥተው ሲያዩ፣ መጸዳጃ ብለው የቆፈሩት ቦይ ከምንጩ በላይ ሃምሳ እርምጃ እንኳ አይሆንም። የክረምቱ ዝናብ ቦዩን አጥቦ በሣሩ ውስጥ ወደ ታች ወስዶታል፤ መንገዱ በዓይን ይታያል። ሰገን እዚያው ቆመች። አርባ ዓመት የሰው ሆድ ስትከፍትና ስትሰፋ ኖራለች። እዚህ ጋ የምትሰፋው ነገር አልነበረም። ፍሰሃ ትዝ አላት፤ እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብላ ራሷን ስትጠይቅ ፊቷ በሃፍረት ሞቀ።

«እኔ ይሄን ሥራ አላውቀውም» አለች ለዘነበች። «አንቺ ታውቂዋለሽ። ንገሪኝ።»

ዘነበች ዶክተሯ እየቀለደች መስሏት ፊቷን አየችው። ከዚያ እየፈራች ጀመረች። ምንጩ መዘጋት አለበት። ቦዩ መደፈን አለበት። የከተማው ሞተር መነሣት አለበት፣ ውኃው ክሎሪን ይፈልጋል። ሰገን እንደ ተማሪ ሰማቻት።

የውኃ ሞተሩ ሠራተኛ ጋሽ አብዱልሐሊም ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባለቤታቸውን በዚያው ሳምንት ቀብረው ነበር። ሰገንና ዘነበች ሊያስተዛዝኑ ሲገቡ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ሰገን ነገሩን ስትነግራቸው ተነሥተው ወደ ጓሮ ወሰዷት። ከገለባው ክምር ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ብረትና ግማሽ ጆንያ ክሎሪን አወጡ።

«የጀነሬተሩ ኖዝል ነው» አሉ። «ታጣቂዎቹ ጀነሬተሩን ሊጭኑ ሲመጡ ነቀልኩት። አልነሣ ሲላቸው ብልሽት ነው ብለው ትተውት ሄዱ። ወላሂ፣ ናፍጣ ካገኘሽልኝ በአንድ ሰዓት አስነሣዋለሁ።»

ናፍጣው ያለው ታጣቂዎቹ ጋ ነበር።

ሰገን ነጭ ጋውኗን ለብሳ ብቻዋን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አዛዡ ሓለፎም የሚባል አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ቀጭን፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር። ስሟን ሲሰማ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፤ በትግርኛ «ኣደይ» ብሎ፣ እናቴ ብሎ ጠራት። ትግርኛ ከአባቷ ጋር ያደገችበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ መለሰችለት።

«ዶክተር በለኝ።»

ሓለፎም ፈገግ አለ። «ቁስለኞች አሉን። አንቺ የኛ ሰው ነሽ፤ ትረጂናለሽ ብለን ነበር የምንጠብቅሽ።»

«የቆሰለ ሰው አያለሁ። ያንተም ይሁን የሌላ፣ ለዚህ ማንንም አላስፈቅድም። የማንም ሰው ግን አይደለሁም። የመርሳ ነዋሪ ነኝ፤ ሌላ አድራሻ የለኝም። የመጣሁት መጸዳጃህን እንድታነሣና ሁለት በርሜል ናፍጣ እንድትሰጥ ነው።»

«ለምን?»

«ሰው እየገደላችሁ ነው፤ በጥይት አይደለም። የናንተም ልጆች ከዚያው ምንጭ ነው የሚጠጡት። ስንቶቹን ተቅማጥ ይዟቸዋል?»

ፈገግታው ጠፋ። «ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ቦይህን አይቼ ነው የመጣሁት።»

«የካምፑን ምሥጢር ልትሰልዪ መጣሽ ማለት ነው» አለ፤ «ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደማደርገው ታውቂያለሽ።» «አውቃለሁ» አለችው። ናፍጣ ለጦር እንጂ ለቧንቧ የለኝም ብሎ ሸኛት።

በማግሥቱ ጠዋት ሰገን፣ ዘነበችና ጋሽ አብዱልሐሊም የግራር እሾህ ጎትተው ሾላ ውኃን ዙሪያውን አጠሩት። ሰገን በሩ ላይ ዱካ አስቀምጣ ተቀመጠች። ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች መጡ። መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው፤ ከዚያ ተቆጡ።

«እትዬ፣ በጥም እንሙት ነው የሚሉን?» አለች አንዷ።

«ከወንዙ ላይኛው በኩል ቅዱና አፍልታችሁ ጠጡ።»

«አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተኩስ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«እንጨቱንስ ከየት እናምጣው? እርስዎ ማንጎ አለዎት።»

«ማንጎውን ቁረጡት» አለች ሰገን። «ከዛሬ ጀምሮ። መጥረቢያው ደጃፌ ላይ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዳንዶቹ ግን አልበረዱም፤ አጥሩን ሊገፉ ቀረቡ። ያን ጊዜ ጋሽ አብዱልሐሊም ከተቀመጡበት ተነሡ። በሠፈሩ ውስጥ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ናቸው፤ ያን ቀንም አልጮኹም።

«የልጆቼን እናት ያጠጣኋት ከዚህ ነው» አሉ። «በገዛ እጄ ቀድቼ። ሞተሩ ሲቆም ውኃ እንዳይቸግራት ብዬ። ከዚህ በኋላ ከዚህ የሚቀዳ ሰው እኔን ረግጦ ይለፍ።»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ ወጡ። ከቀትር በኋላ ከማንጎዎቹ ሁለቱ ወደቁ። ሰገን የመጥረቢያውን ድምፅ ከምንጩ ሆና ሰማችው። አያሌው እያንዳንዱን ችግኝ የተከለበትን ቀን ታውቅ ነበር፤ ግን አልተነሣችም።

ታጣቂዎችም ውኃ ሊቀዱ መጡ። አንዱ መሣሪያውን አቀባብሎ ተነሽ አላት። ሰገን ሽቅብ አየችው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ መግባት ጀምሯል።

«አንተ ራስህ ታመሃል» አለችው። «ስንት ጊዜ አስቀመጠህ ዛሬ?»

ልጁ መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሓለፎም አራት ሰዎች በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ቀድሞ መሣሪያ ያቀባበለባት ከአራቱ አንዱ ነበር። ሰገን እዚያው እሾሁ ሥር አስተኝታ ከሌሎቹ ሕሙማን ጋር እኩል አጠጣቻቸው። የረዲ ጎረቤት የሆነች ሴት ይህን አይታ ምራቋን ተፍታ ሄደች። ሰገን አየቻት። የሴትዮዋ ንዴት ምክንያት እንዳለው ታውቃለች፤ ማንኪያውን ግን አላስቀመጠችም።

ሓለፎም ከአጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ቦዩን አስደፍናለሁ» አለ።

«ናፍጣውስ?»

«አንድ በርሜል።»

«ሁለት ነው ያልኩህ።»

አንድ በርሜል በዚያው ዕለት መጣ፤ ሁለተኛው በሳምንቱ። ጋሽ አብዱልሐሊም ኖዝሉን መልሰው ሞተሩን አስነሡት። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር የሚሠራው። ቦኖው ላይ ዘነበች የመረጠቻቸው ሰባት ሴቶች በየተራ እየቆሙ ለየጀሪካኑ ክሎሪን ጨመሩ፤ ቁልፉንም እነሱ ያዙት። ጥቅምት ሲገባ በቀን የሚመጣው ሕሙም ወደ ሁለት ወረደ። ኅዳር ላይ የማንጎው ጥላ ሥር የተኛ ሰው አልነበረም፤ የቀረውም ማንጎ አራት ግንድ ብቻ ነበር። በዘነበች ደብተር ውስጥ አርባ ሦስት የሞቱ ሰዎች ስም አለ።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ፤ ሠራዊቱ ገባ። ከሳምንት በኋላ ደሳለኝ የሚባል ሰው ከአንድ ኮሚቴ ተልኮ መጣ። መስኮቱ በረገፈው ጤና ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛ አስገብቶ ሰገንን አስጠራት። ትሑት ሰው ነበር፤ «እርስዎ» እያለ ነበር የሚያናግራት።

«ደብተሩን አይተነዋል» አለ። «ምስጋና ይገባዎታል። ይቺ ኮሌራ የምትለዋ ቃል ግን ትውጣ። ተቅማጥ ይባል። ሕዝቡ አሁን ተረጋግቷል።»

«በስሙ ካልጠራነው መድኃኒቱን ማን ይልክልናል? በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይመጣል።»

«ቁጥሩም ትንሽ በዝቷል።»

«ስማቸውን ላንብብልህ? ቀብራቸውንም ላሳይህ እችላለሁ። የትኛውን እንደምትቀንስ አንተ ምረጥ።»

ደሳለኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ናፍጣ ተቀብለዋል። ቁስለኞቻቸውን አክመዋል። አባትዎ የየት አገር ሰው ነበሩ?»

«የማይጨው። የተቀበረው ወልድያ ነው። አክሜያለሁ፤ ነገ ያንተ ወታደር ቢመጣም አክማለሁ። ናፍጣውንም ተቀብያለሁ፤ ውኃውን አንተ ራስህ ዛሬ ጠዋት ታጥበህበታል።»

ከሰዓት በኋላ በፒክአፕ ጭነው ወልድያ ወሰዷት።

ያሰሯት አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሰባ የሚያህሉ ሰዎች ነበሩበት፤ አብዛኞቹ እንደ እሷ የአባታቸውን አገር የተጠየቁ የወልድያና የቆቦ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮች፣ የቤት እመቤቶች። አንድ ቧንቧና አንድ የሞላ መጸዳጃ። ሰገን መጀመሪያ ያደረገችው በሩን መደብደብ ነበር። ዘበኛው ሲከፍት «አካፋ አምጣ» አለችው።

«ምን?»

«አካፋ። አራት። በሳምንት ውስጥ እነዚህ ሰዎች ይታመማሉ፤ ከዚያ አንተም ትታመማለህ።»

«ነገ» አላት። በማግሥቱም በሩን ደበደበች። በአራተኛው ቀን ሁለት አካፋ መጣ። ነጋዴዎቹና ሾፌሮቹ በጓሮው በኩል አዲስ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሴቶቹ ለቧንቧው ተራ አወጡ፤ ማንም እጁን ሳይታጠብ ዳቦ እንዳይነካ ሰገን ራሷ በሩ ላይ ቆመች። ከመሐላቸው አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እኛ እኮ እስረኞች ነን» አሏት። «እስረኛም አንጀት አለው አባባ» አለቻቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከዚያ መጋዘን በበሽታ የወጣ ሰው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ዘነበችና ጋሽ አብዱልሐሊም የቦኖውን ሰባት ሴቶች ይዘው በአውቶቡስ ወልድያ መጡ። በየቀኑ ከአንዱ ቢሮ ደጃፍ ወደ ሌላው እየሄዱ ተቀመጡ። ምራቋን የተፋችው ሴት ከነሱ ጋር አልመጣችም፤ ረዲ ግን መጣ። ሚስቱን ለማዳን ሁለቱን ግሉኮስ ያዋጣችው ማን እንደሆነች ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም ተናገረ። በመጨረሻ የመፈቻ ወረቀት ተጻፈ። ወረቀቱ ላይ «ተመክራ ተለቃለች» የሚል ነበር።

ሰገን አነበበችና መለሰችው። «ማን መከረኝ?»

«ቅጹ ነው እትዬ» አለ ጸሐፊው። «ለሁሉም ያው ነው።»

«እንግዲያው የሁሉም ይስተካከል። አልፈርምም።»

ሁለት ቀን ተጨማሪ ተቀመጠች። ዘነበች በበሩ ቀዳዳ እያለቀሰች ለመነቻት፤ ሰገን «ሂጂና ክሎሪኑን አይተሽ ነይ» አለቻት። በሦስተኛው ቀን ያለ ፊርማ አስወጧት።

ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው ለፍሰሃ ነበር። «የሽንት ቤት ሐኪም ሆንኩልህ» አለችው። ፍሰሃ አልሳቀም። «ስንት ሰው ሞተ?» አላት። ነገረችው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ፤ እሱ እየነገራት፣ እሷ እየጻፈች።

ከየካቲት ጀምሮ በየሰኞው በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ወጣች። ኃላፊዎቹ ስብሰባ ላይ ናቸው ሲሏት ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ለመስክ ወጥተዋል ሲሏት የተመለሱ ቀን መኪናቸው አጠገብ ትገኛለች። የምትጠይቀው ጥቂት ነገር ነበር። በየቀበሌው የውኃውን ቁልፍና ክሎሪኑን የሚይዙ በጎረቤቶቻቸው የተመረጡ ሴቶች ይኑሩ። የታመመ ሰው ቁጥር በየሳምንቱ በስልክ ይነገር። በሽታው በስሙ ይጠራ፤ በስሙ የጠራ ሠራተኛ አይቀጣ። ግንቦት ላይ፣ ከድካም ይሁን ከእምነት፣ ፈረሙላት። መርሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ በሙሉ ጀመረ፤ ክረምቱ ሳይገባ ሁለት ወረዳዎች ተከተሉ። ዘነበች አሠልጣኝ ሆና በየቀበሌው ዞረች። ሰገን ሰባ ዓመት ሞላት፤ የምስጋና ወረቀት ሊሰጧት ሲጠሯት በዚያ ቀን ሲሪንቃ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው ብላ ቀረች።

ነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ከቆቦ በኩል ሰው እንደ ጎርፍ መጣ፤ መርሳ ላይ ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። አሁንም ጎረቤቶቿ መጫን ጀመሩ። ዘነበች ልጆቿን ወደ ደሴ ላከችና ራሷ ቀረች። ሰገን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ አሥር ጉድጓድ ሳይቆፈርና ሮቶው ውኃ ሳይሞላ ማንም ወጥ እንዳይጥድ ከለከለች። ሰዎቹ ርቧቸው ነበር፤ ሰደቧት። ቆፈሩ።

ከሁለት ቀን በኋላ የተፈናቀሉትን ሴቶች ሰብስባ የክሎሪን ጠባቂ ምረጡ አለቻቸው። ማንም እጁን አላወጣም። ከኋላ በኩል ማና የምትባል፣ ቆቦ ላይ ሱቅ የነበራት ሴት ለብቻዋ ተቀምጣለች። ስትናገር የትግርኛ ቃና አላት፤ በዚህ ምክንያት ምንጣፍ የሚያጋራት ሰው አላገኘችም። ልጇን እያጠበች፣ ያጠበችበትን ውኃ ራቅ አድርጋ ስትደፋ ሰገን ከጠዋት ጀምሮ ስታያት ነበር።

«አንቺ» አለቻት። «መቁጠር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ እማማ።»

ሰገን የሮቶውን ቁልፍ ሰጠቻት። ማጉረምረም ተነሣ። አንዲት ሴት ቆማ «እሷ ምን እንደምትጨምርበት በምን እናውቃለን? እኛ ከሷ እጅ አንጠጣም» አለች።

«አትጠጪም?» አለች ሰገን። «ወንዙ በዚያ በኩል ነው። አንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አፍልተሽ ጠጪ።»

ማና ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ሰገን የመጀመሪያውን ጀሪካን አስቀዳቻትና ክሎሪኑን አስቆጠረቻት፤ ክሎሪኑ እንዲሠራ ግማሽ ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ሰገን በጣሳ ቀድታ ራሷ ጠጣች፤ ጣሳውን ቆማ ለተናገረችው ሴት ዘረጋችላት። ሴትዮዋ አልተቀበለችም። ከጎኗ የነበረች አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀብላ ጠጣች፤ ከዚያ ልጆቹ መጡ። ቀስ በቀስ ሰልፉ ከሮቶው ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ።